ያልተጠረገ ቤት አሳዩኝ

ሱቄን ከዘጋሁ ወዲህ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ውስጥ ሳልያዝ አልፌ አላውቅም። አንዷ የቲማቲም ፌስታሏን እንዳንጠለጠለች መንገዴ ላይ ትቆምና፣ "አቦይ አስናቀ፣ ለቤቴ የትኛው ቫኪዩም ይሻለኛል?" ትለኛለች።

"አላውቅም" እላታለሁ።

"ዕድሜዎን ሙሉ ሲሸጡና ሲጠግኑ ኖረው አላውቅም ይላሉ?"

"ቤትሽን መቼ አየሁት?"

አንዳንዷ ትስቃለች፤ አንዳንዷ ሽማግሌው ጃጀ ብላ ትሄዳለች። ትሂድ። በዚህ ነገር ከአለቃዬ ተጣልቼበታለሁ፣ ከሚስቴ ተኮራርፌበታለሁ፣ ከአንድ ሁለት ግቢም ውሻ ተለቆብኛል። ያን ሁሉ ችዬ አሁን በስተርጅና አልለውጠውም። ቤት ሳያዩ ማሽን መምረጥ በሽተኛ ሳያዩ መድኃኒት እንደማዘዝ ነው። ጡረታ ያወጣኝም መሥሪያ ቤት ሳይሆን ጉልበቴ ነው፤ ተንበርክኬ የምንጣፍ ጫፍ መግለጥ ባቃተኝ ጊዜ ሥራው አበቃ። እንዲህ ግትር ያደረገኝን ነገር ግን ልጻፈው።

መቀሌ የመጣሁት ከደብረ ብርሃን ነው፣ በጉብዝናዬ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኜ። ቫኪዩም የሚባል አቧራ መሳቢያ ማሽን መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። የጽዳት ሴቶቹ ቀሚሳችንን ይጎትታል እያሉ ስለሚፈሩት ማንም አይነካውም ነበር። ሥራ አስኪያጁ ጠግን ሲለኝ በድፍረት ፈታሁት፤ መልሶ መግጠሙ ግን ጠፋኝ። ያን ጊዜ ነው አቦይ ኃይሉ የተጠሩት።

አቦይ ኃይሉ አጭር፣ ነገራቸው ሁሉ ዝግ ያለ ጠጋኝ ነበሩ። እኔ የበታተንኩትን አይተው አልተቆጡም። ገጣጠሙና ሰኩት፤ ከዚያ የካቻቢቴያቸውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዐይናቸውን ጨፈኑ። "ካርቦኑ አልቋል። ኩሽኔታውም እያለቀሰ ነው" አሉ። እንዳሉትም ሆኖ ተገኘ። በዚያው ቀን ከኋላቸው ተከተልኩ፤ እስኪሞቱም ድረስ አልተለየኋቸውም።

ከኪሳቸው የማይጠፋ ነጭ ጨርቅ ነበራቸው። ማሽን ሲፈትኑ ጨርቁን በውኃ ያርሱና አየሩ የሚወጣበት የማሽኑ ጀርባ ላይ ይይዙታል። "ከፊት የሚስበውንማ ሁሉም ያያል። አንተ ከኋላ የሚተፋውን እይ" ይሉኝ ነበር። ጨርቁ ከጠቆረ ያ ማሽን አቧራውን ከወለል አንስቶ ወደ አየር የሚበትን ውሸታም ነው። ቤት ሊያዩ ሲሄዱ ደግሞ ነጭ ካልሲ ያደርጋሉ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ሳሎኑን፣ ጓዳውን፣ የአልጋውን ሥር ይዞሩና ካልሲያቸውን ገልብጠው ያዩታል። ጥቁር ከሆነ የመንገድ አቧራ፣ ቅባት ካለው የወጥ ቤት፣ ፀጉር ከያዘ የምንጣፍ። ሚስታቸው ያን ካልሲ ስታጥብ ስትራገም ነው የኖረችው።

በኋላ ሁለታችንም አቶ ግርማይ የሚባሉ ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ሠራን፤ አቦይ ኃይሉ ጓዳ ሆነው ይጠግናሉ፣ እኔ ከፊት ሆኜ እሸጣለሁ። ደመወዙ ከሆቴሉ ያንስ ነበር፣ አልቆጨኝም። አቶ ግርማይ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጆሯቸው ግን ጩኸት ይወዳል። ደንበኛ ሲገባ ትልቁን ማሽን ይሰኩና ሱቁን ያናውጡታል። "ስማው እስኪ! ሁለት ሺህ ዋት!" ይላሉ። ሰው ደንግጦ ይገዛል። አቦይ ኃይሉ ከጓዳ ሆነው "ባዶ ጣሳም ይጮኻል" ሲሉ እኔ ሳቄን ለመደበቅ ካርቶን የማነሳ መስዬ እጎነበሳለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጣቷ ጠመኔ የነካው ሴት ገባች። ፅጌ ትባላለች፤ የአማርኛ መምህርት ናት፣ የቢሾፍቱ ልጅ፣ የመቀሌ ሰው አግብታ ዓዲ ሓቂ የምትኖር። "ልጄ አስም አለባት" አለችኝ። "ሐኪሙ መጥረጊያ አቧራ ያስነሳል፣ በማሽን ጥረጉ ብሎናል።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "በዚህም ካልተሻላት እናቴ ጋ ቢሾፍቱ ልወስዳት ነው። የአባቷ ሥራ ደግሞ እዚህ ነው። ያለ አባቷ እንዴት እንደምትሆን እንጃ፤ እሱም ያለ እሷ።"

አቶ ግርማይ ትልቁን ማሽን ሊሰኩ ሲነሱ ቀደምኳቸው። "መጀመሪያ ቤቱን ልየው" አልኳት። ፊቷ በራ። "እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ና፤ ምሳም አብረን እንበላለን" አለችኝ።

እሁድ ሄድኩ። ወለሉ ፊት ያሳያል። ሳሎኑ ውስጥ ወፍራም ቀይ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ሶፋው ዳንቴል ለብሷል። ባሏ ሀፍቶም ኮትና ክራቫት አድርጎ በር ላይ ተቀበለኝ። ልጅቷ ሳምራዊት ገና ትምህርት መጀመሯ ነበር፤ የአባቷን አንድ ጣት ይዛ አጠገቡ ተለጥፋለች፤ ስትተነፍስ ደረቷ ቀጭን ፉጨት ያሰማል። "ሥራህ ምንድን ነው?" ስለው "ግንባታ ላይ ነኝ" አለኝ፤ በክራቫቱ መሐንዲስ ነው ብዬ አለፍኩት። እንደ አቦይ ኃይሉ ጫማዬን አውልቄ ዞርኩ። የአልጋውን ሥር ሳይቀር ረገጥኩ። ካልሲዬን ገልብጬ ባየው ነጭ ነው።

ወፍራም ምንጣፍ፣ ንጹሕ ወለል። እንዲህ ላለ ቤት ከምንጣፍ ፀጉር ውስጥ አቧራ ፈልፍሎ የሚያወጣ ጉልበተኛ ማሽን ነው የሚያስፈልገው። ሱቅ ውስጥ የመንገድ አቧራ በትነን በእርጥቡ ጨርቅ ፈተንነው፤ አለፈ። ትልቁን ሰጠኋት። አቶ ግርማይም ለመጀመሪያ ጊዜ በምርጫዬ ተደስተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፅጌ ማሽኑን በባጃጅ ጭና መጣች። ሱቁ መሐል አስቀመጠችው። አላለቀሰችም፤ ባለቀሰች ይሻል ነበር።

"ይሄ ማሽን ከገባ ወዲህ ባሰባት። ትናንት ሆስፒታል ኦክስጅን አድርገውላት ነው የተመለስነው። ሻንጣዋን አዘጋጅቻለሁ፣ ቅዳሜ እንሄዳለን። ማሽናችሁን እዚሁ ያዙት።"

አቶ ግርማይ የዋስትና ወረቀቱን ፍለጋ መሳቢያ ይከፍታሉ ይዘጋሉ። እኔ የተማርኩትን ሁሉ ሠርቼ ነበር፤ አንድም አልዘለልኩም። ልጅቷ ግን ታፍናለች። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ያልኩበት ጊዜ የለም።

አቦይ ኃይሉ ከጓዳ ወጥተው ጋዜጣ ዘረጉ። የማሽኑን የአቧራ ከረጢት አውጥተው በመቀስ ቀደዱት። ውስጡ ከምንጣፍ የተነቀለ ቀይ ክር እንኳ አልነበረም። ያለው እንደ ዱቄት የላመ ነጭ ነገር ነው፤ እሱም ትንሽ። በሁለት ጣታቸው አሹት። ቀጥለው ማሽኑን ሰክተው እርጥቡን ጨርቅ ጀርባው ላይ ያዙት። ጨርቁ አልጠቆረም፤ ነጭ ጭቃ ለጠፈ።

"ጓለይ" አሏት ቀስ ብለው፣ ልጄ ማለታቸው ነው። "ይሄ የመንገድ አቧራ አይደለም። ይሄ የተጠረበ ድንጋይ ነው። በጨርቅ ከረጢት አይያዝም፣ ሾልኮ ይወጣል። ቤትሽ ውስጥ ድንጋይ የሚጠርብ ሰው ማን ነው?"

ፅጌ መሬት መሬት አየች። ከዚያ ተናገረች። ሀፍቶም ድንጋይ ጠራቢ ነው። እኔ በመጣሁበት እሁድ የሥራ ልብሱንና ጫማውን ጎረቤት ደብቀዋል። ቀዩ ምንጣፍም የዚያው ጎረቤት ነው፤ የእነሱ ቤት ምንጣፍ የለም። ቅዳሜን ሙሉ ግድግዳ ሳይቀር ሲያጥቡ ውለዋል። "እንግዳ ይመጣል ተብሎ ታዲያ ምን ይደረግ?" አለች። "ቤታችንን ሊያይ ነው የሚመጣው። ቤታችን እንዲያምር አደረግነው።"

ምን ትላታለህ? እናቴም ብትሆን ይህንኑ ታደርግ ነበር። አቦይ ኃይሉም እኔም እንግዳ በአቧራ መቀበል ነውር በሆነበት አገር፣ ቀን ቆርጠን፣ አስታውቀን፣ አቧራ ፍለጋ ስንዞር ኖረናል። ሰው ገመናውን ሸፍኖ በክብር ሲያስገባን እኛ የሌለ ቤት ለክተን የሌለ ቤት ማሽን ስንሰጥ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኛ ደግሞ እንዲደበቅ ጊዜ የምንሰጥ ሐኪሞች ሆነን አረፍነው።

"ቅዳሜ አትሄጂም" አልኳት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። "እስከ ቅዳሜ ስጪኝ።"

በማግስቱ ሠራተኛ ወደ ቤቱ በሚገባበት ሰዓት፣ ሳንጠራ፣ እኔና አቦይ ኃይሉ ዓዲ ሓቂ ሄድን። ፅጌ ስታየን ክው አለች፤ መጥረጊያ ልታነሳ ስትል አቦይ ኃይሉ እጇን ያዙ። ግቢው ጥግ ላይ ቆመን ጠበቅን። ሀፍቶም ገባ። ከፀጉሩ እስከ ጫማው ነጭ ነው፣ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር። ገና የግቢው በር ሲንቋረር ሳምራዊት ከቤት ተወርውራ ወጣችና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ፊቷን ደረቱ ውስጥ ቀበረችው። ልብሱ ላይ ያለው ዱቄት ቦነነ። አቅፏት ወደ ሳሎን ገባ፣ ጫማውም ልብሱም እንዳለ፤ እሷም በትከሻው ላይ ሆና መሳል ጀመረች።

በየቀኑ እንደዚያ ነበር። ልጅቷን የሚያሳምማት በዓለም ላይ አብልጣ የምትወደው ነገር ነበር።

ጫማችንን አውልቀን ተከትለነው ስንገባ ሀፍቶም አየንና ፊቱ ተለዋወጠ። "እንታይ ኮይኑ? ምን ተፈጠረ? ሳትነግሩን ለምን መጣችሁ?" አለ። እፍረቱም ቁጣውም አንድ ላይ ነው የመጣበት። አቦይ ኃይሉ የረገጡበትን ካልሲ አሳዩት፤ እንደ ኖራ ነጭ ሆኗል፣ ነጭ ካልሲ ላይ እንኳ ይለያል።

"ወደይ፣ ልጄ" አሉት። "ይሄ ድንጋይ ነው መቐለን የሠራት። የሚያሳፍር ሥራ አይደለም። የልጅ ደረት ውስጥ ግን ቤት አይሠራበትም።"

ሀፍቶም ልጁን ከትከሻው አውርዶ እጁን አየ። ጎበዝ ሰው ነው፣ ድንጋይ የሚሰብር ሰው ነው፤ ልጁን መልሶ ሊነካት ግን ፈራ። "እኔ ነኝ?" አለ።

በነጋታው ከአቶ ግርማይ ጋር ተጋጠምን። የተሸጠ ተሽጧል አሉ። ሱቁ ውስጥ አንዲት ትንሽ ማሽን ነበረች፤ ድምጿ ስለማይሰማ ማንም ዞር ብሎ የማያያት፣ መደርደሪያ ላይ አቧራ የምትጠጣ። ማጣሪያዋ ግን እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ ጥቅጥቅ ያለ ወረቀት ነው። "ይቺን እንለውጥላት፤ ካልሆነ እኔም እዚህ አልውልም" አልኳቸው። "ለአንድ ደንበኛ ብለህ እንጀራህን ትተዋለህ?" አሉኝ። "እተዋለሁ" አልኩ። አቦይ ኃይሉ ካቻቢቴያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አቶ ግርማይ ካቻቢቴውን አዩ፣ እኔን አዩ፤ "ውሰዷት፣ ድሮም የምትሸጥ አይደለችም" ብለው ወደ ሒሳባቸው ዞሩ።

ትንሿን ማሽን ፈተንናት። ሀፍቶም ከሚጠርበው ድንጋይ ላይ የመጣ ዱቄት በትነን እርጥቡን ጨርቅ ጀርባዋ ላይ ያዝን። ማጣሪያዋ ጥሩ ነው፤ ክዳኗ ጋ ግን ትንሽ ነጭ መስመር ታየ። በክዳኑ ዙሪያ ያለው ጎማ ስስ ነበር። አቦይ ኃይሉ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጠው፣ ልክ የክዳኑን ዙር አስይዘው ገጠሙት። እንደገና ሰካን። አሁንም መስመር። ፈታን፣ ላስቲኩን ደረብን፣ ገጠምን። ጨርቁን አስጠግተን ቆምን፤ ክንዳችን እስኪዝል ድረስ ቆምን። ጨርቁ እርጥብ እንደሆነ፣ ምንም ጭቃ ሳይለጥፍ ቀረ። አቦይ ኃይሉ ከዚያ በፊት ስቀው አላየኋቸውም፤ ያን ቀን ጥርሳቸውን አየሁት።

ማሽኗን ሳሎን አላስገባናትም። ሀፍቶም ሲገባ ግቢው ውስጥ ፀጉሩን፣ ልብሱንና ጫማውን በእሷ እንዲስብ፣ ከዚያ ልብሱን እዚያው አውልቆ እንዲታጠብ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ እንዲገባ ተስማማን። ለሀፍቶም የከበደው መታጠቡ አልነበረም።

"ልጄ ሮጣ ስትመጣ ከደጅ ልመልሳት?" አለኝ። "አባቴ ጠላኝ ብትልስ?"

መልሱን ራሷ ሳምራዊት አመጣችው። የማሽኗ ድምፅ ግቢው ውስጥ ሲጀምር አባቷ እንደመጣ ታውቃለች፤ ከበሩ ኋላ ትቆምና "ገና ነው? ገና ነው?" ትላለች። ድምፁ ጸጥ ሲል፣ ውኃውም መንቦጫረቁን ሲያቆም፣ በሩ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ትወረወራለች። ያቺ ማንም የማይሰማት ማሽን እሷ ቤት የአባት መምጫ ደወል ሆነች። ቅዳሜ መጣ፣ አልሄዱም። የሚቀጥለውም ቅዳሜ አለፈ። አንድ ቀን ፅጌ ሱቁ በር ላይ ቆማ፣ "ሻንጣውን ፈታሁት" ብላኝ ሄደች።

በኋላ አቶ ግርማይን በሰላም ተሰናብተን ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ወደ ውቅሮ በሚወጣው መንገድ ዳር የራሳችንን ትንሽ ሱቅ ከፈትን። ሕጋችን አንድ ነበር፦ ቤቱን ሳናይ አንሸጥም፤ መቼ እንደምንመጣም አንናገርም። ስንቱ ሰደበን! አንዱ ነጋዴ ሰው አገር ያየውን፣ አቧራውን ውኃ ውስጥ የሚያስቀረውን ማሽን ካልሰጣችሁኝ አለ። ድንገት ቤቱ ብንሄድ በርሜሎቹ ባዷቸውን ተደርድረዋል። "ለመሆኑ ውኃ መቼ መጣላችሁ?" አልኩት። ሚስቱ እሱ ሳይመልስ ሳቀች። በደረቅ የሚሠራውን ወሰደ። ምንጣፍ ለሌላቸው ተከራይ ተማሪዎች ደግሞ እርጥብ መወልወያ ይበቃችኋል ብዬ ባዶ እጃቸውን ሸኝቻለሁ። አቦይ ኃይሉ በዚህ ይኮሩብኝ ነበር። አንድ ክረምት ላይ ዐረፉ፤ ካቻቢቴያቸው እኔ ጋ ነው።

ከዚያ መብራት የጠፋበት ክፉ ዘመን መጣ። ቫኪዩም የሚያስታውስ አልነበረም፤ የምናስበው ስለ ዳቦ ነበር። ብዙ ሰው ተበተነ። ስልክ ሲመለስ የማውቃቸውን ሰዎች ደወልኩ፤ የሀፍቶም ቁጥር አይሠራም። ዓዲ ሓቂ ሄጄ ጠየቅሁ፤ ቤቱን ለቀዋል፣ ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ የለም። ያቺ ደረቷ የሚያፏጭ ልጅ መድኃኒት በሌለበት ጊዜ ምን ሆነች እያልኩ ስንት ጊዜ እንቅልፍ እንዳጣሁ ለሚስቴም አልነገርኳትም። ልብ አድርጉ፣ ማሽን ነው የሸጥኩላቸው። ግን ሰው ሆድ ውስጥ የሚቀረው እንዲህ ያለው ነው።

አሁን ልጆቹ ማሽን በቴሌግራም ይመርጣሉ። በራሱ ወለሉ ላይ የሚዞር ክብ ነገርም መጥቷል። ደግ ነው፣ አልቃወምም። ዋቱን ያያሉ፣ ቀለሙን ያያሉ፤ ጀርባውን የሚያይ ግን የለም።

ባለፈው ሰሞን ስልኬ ጮኸ። የወጣት ሴት ድምፅ ነው።

"አቦይ አስናቀ? ሳምራዊት ነኝ፣ የሀፍቶም ልጅ። ቁጥርዎን በስንት ልፋት አገኘሁት። ላገባ ነው፣ ቤት ይዘናል። ቫኪዩም ይምረጡልኝ።"

መተንፈሷን በስልክ ሰማሁት፤ ንጹሕ ነው፣ ፉጨት የለውም። "መቼ ልምጣ?" አልኩ እንደምንም።

"እሱን እኔ ነኝ የምነግርዎት? ሕግዎን ረሱት እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝና የቤቱን ምልክት ብቻ ነገረችኝ።

አንድ ረቡዕ ማንንም ሳላማክር ተነሳሁ። ሚስቴ ነጭ ካልሲ አወጣችልኝ። በሩን የከፈተችልኝ ፅጌ ናት፣ ፀጉሯ ሸብቷል። ከኋላዋ ሀፍቶም ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እንዳየኝ ለመነሳት ሞከረ። ፅጌ ግን ሰላምታም አላስጨረሰችኝ፤ ፊቷ በእፍረት ቀልቷል።

"ይቅር ይበሉን፣ ቤቱ ሳይጠረግ ነው!" አለች። "በየቀኑ ልጥረግ ብዬ ለመንኳት፤ መጥረጊያውን ደብቃብኝ ይኸው ስንት ቀናችን!"

አሻግሬ አየሁ። ወለሉ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ አለ። የመንገድ አቧራ የጫማ ቅርጽ ይዞ ከበሩ እስከ ሶፋው ድረስ ተሰልፏል። የምንጣፉ ጫፍ ተገልጧል፤ ጉልበቴን እንዳላስቸግር ራሷ ገልጣው ኖሯል። ሳምራዊት መሐሉ ላይ ቆማለች፣ ረጅም፣ ጤነኛ፣ እጇን አጣምራ።

"ምንም አልነካሁም፣ አቦይ" አለችኝ። "ቤቴ እንዳለ ነው፤ ይግቡና ይዩት።"

ስንት ቤት ገብቻለሁ፣ እንደዚያ ተከብሬ ግን አላውቅም። በር ላይ ተደግፌ ጫማዬን አወለቅሁ።